ከቢሮ ውጭ የሚቀመጥ አውቶማቲክ ባክአፕ፦ ከአዳማ ድርጅቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ስለ ባክአፕ፣ ማለትም ስለ ዳታ መጠባበቂያ ኮፒ፣ አዳማ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰርቨር ይዘው ለሚሠሩ ድርጅቶች የተጻፈ ነው። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ ጅምላ አከፋፋይ፣ የግል ኮሌጅ ወይም ትራንዚት ቢሮ ሊሆን ይችላል። ጠያቂዎቹ በብዛት ባለቤቶችና የሒሳብ ሠራተኞች ስለሆኑ መልሱም በእነሱ ቋንቋ ነው። የአይቲ ባለሙያዎ አብሮ ቢያነበው ግን በጣም ጥሩ ነው።

ባክአፕ እኮ አለን። የሒሳብ ሠራተኛችን በየቀኑ ማታ ፍላሽ ላይ ትገለብጣለች። ምን ጎደለው?

መጀመሪያ ሠራተኛዋ ትመስገን፤ ብዙ ቦታ ይህም የለም። ችግሩ ሥራው በሰው ትዝታ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ስትታመም፣ ፈቃድ ስትወጣ፣ ወር መጨረሻ ላይ ሥራ ሲደራረብባት ይዘለላል። ዳታው በብዛት የሚለዋወጠው ደግሞ ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍላሹ የት ነው የሚያድረው? ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ባለበት ክፍል፣ መሳቢያ ውስጥ። ሌባ ከገባ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። እሳት ከተነሳም ሁለቱም ይቃጠላሉ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ፍላሹ ላይ ያለው የትናንት ኮፒ ብቻ ነው። አንድ ፋይል ተበላሽቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢታወቅ፣ ፍላሹም የያዘው ያንኑ የተበላሸውን ነው።

አውቶማቲክ ባክአፕ በተሰጠው ሰዓት ማንም ሳይነካው ይነሳል። ከባለፈው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይለያል፣ በፓስወርድ ይቆልፈዋል፣ በኢንተርኔት ሌላ ቦታ ወዳለ ማከማቻ ይልካል። የድሮዎቹን ኮፒዎችም በየቀናቸው ለይቶ ያቆያል።

ሰርቨሩ ሁለት ዲስክ አለው። አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይሠራል ተብያለሁ። ይህ ባክአፕ አይደለም?

አይደለም። ሬይድ የሚባለው ነው፣ የሚያድንዎትም ከዲስክ ብልሽት ብቻ ነው። ልክ እንደ ካርቦን ወረቀት ነው፦ ላይ የተጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ታች ይገባል፣ ስህተቱም ጭምር። አንድ ሰው የደንበኞችን ፋይል በስህተት ቢያጠፋ ከሁለቱም ዲስክ ይጠፋል። ሬይዱን ይያዙት፣ ጠቃሚ ነው። በባክአፕ ቦታ ግን አይቁጠሩት።

"ከቢሮ ውጭ" ሲባል ምን ያህል ነው የሚርቀው?

ቢያንስ ሌላ ሕንፃ፣ ቢቻል ሌላ ከተማ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ቢሮዎ አይቆጠርም። ከጎን ያለው መጋዘንም አይቆጠርም።

እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሱት መንቀጥቀጦች እዚህ አዳማም አዲስ አበባም ተሰምተዋል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ከከተማዋ ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች የሚወርደው ጎርፍ አለ። ምድር ቤት ወይም ወለል ላይ ሰርቨር ያስቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ርቀት ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ የውጭ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ የኦቪኤች ዳታ ማዕከል ተቃጠለ። ኦቪኤች ሰርቨር በማከራየት በአውሮፓ ትልቅ ስም ያለው ድርጅት ነው። አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ባክአፓቸው በዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ኮፒውንም አጡ። ባክአፕ አልነበረንም ማለት አይችሉም፤ ነበራቸው። ቦታው ነው የተሳሳተው።

ለአዳማ ድርጅት አዲስ አበባ ጥሩ ርቀት ላይ ናት፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ አደጋ ሁለቱን ቢሮዎች በአንድ ቀን የማጥፋት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ከባድ ነገር ቢገጥምዎት ደግሞ በፈጣን መንገዱ ሄደው ዲስኩን በእጅዎ ይዘው በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱን ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ስንነጋገር ያዩታል።

በሙያው የሚታወቀው ደንብ 3-2-1 ይባላል። ዋናውን ጨምሮ 3 ኮፒ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ ላይ፣ ከእነዚያ 1ዱ ከቢሮ ውጭ። ከዚህ በታች መውረድ አልመክርም።

የት ላስቀምጠው? ክላውድ ወይስ የራሴ ዕቃ?

ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው የራስዎ ማከማቻ ነው። ናስ የሚባለውን፣ ሁለት ወይም አራት ዲስክ የሚይዘውን ትንሽ ሳጥን ይገዙና አዲስ አበባ ባለው ቅርንጫፍዎ ወይም በሚታመን ቤተሰብ ቤት ያስቀምጡታል። አንዴ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ወጪው መብራትና ኢንተርኔት ነው። ነገር ግን የሚያየው ሰው ይፈልጋል። አቧራ ውስጥ ተረስቶ ዲስኩ ከሞተ የሚነግርዎት የለም።

ሁለተኛው የአገር ውስጥ ክላውድ ነው፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራዩት የሌላ ድርጅት ማከማቻ። ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሰጣል። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ማዕከሎች አሉ። በብር ይከፍላሉ፣ ዳታውም ከአገር አይወጣም።

ሦስተኛው የውጭ ክላውድ ነው። ቴክኒኩ ላይ እንከን የለበትም። ክፍያው ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው የዶላር ሒሳብ በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደከበደ ለነጋዴ አይነገረውም። ካርዱ አንድ ወር አልሠራ ካለ አካውንቱ ይታገዳል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ዳታው ይሰረዛል። በዚህ መንገድ የጠፋ ባክአፕ አይመለስም።

እኔ ለመካከለኛ ድርጅት የምመርጠው ሁለቱን አገር ውስጥ ያሉትን ማጣመር ነው። ሙሉው ዳታ በራስዎ ናስ ላይ፣ ያለ እሱ ሥራ የማይጀመርበት ዋናው ደግሞ በአገር ውስጥ ክላውድ።

ክሊኒክ ነን። የታካሚዎችን መረጃ ወደ ውጭ ክላውድ መላክ እንችላለን?

ከመላክዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው፣ የግል ዳታ ከአገር ሲወጣም መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች አሉ። አገር ውስጥ ቢያስቀምጡም ዳታው ከሰርቨሩ ከመውጣቱ በፊት መቆለፍ አለበት። ታካሚው ምስጢሩን የሰጠው ለእርስዎ ነው፤ ማከማቻውን ለሚያከራየው ድርጅት አይደለም።

ኢንተርኔታችን ቀርፋፋ ነው። ይህ ሁሉ ዳታ እንዴት ሊያልፍ ነው?

ትክክለኛ ስጋት ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡን እንሥራው።

መጀመሪያ የሚታየው የመላኪያ ፍጥነት ነው፣ የማውረጃው አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይተካከሉም፤ ውልዎ ላይ ያለውን ያረጋግጡ። 10 ሜጋቢት በሰከንድ አለዎት እንበል። ሜጋቢትና ሜጋባይት ይለያያሉ፣ ለ8 ይካፈላል። ስለዚህ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት፣ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ገደማ ይሄዳል። ያውም ኮኔክሽኑ ሳይቆራረጥ ከሠራ ነው።

የሰርቨርዎ ዳታ 300 ጊጋባይት ቢሆን የመጀመሪያው ጉዞ 67 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሦስት ቀን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቀን ቀን ሠራተኛው ኢንተርኔቱን ስለሚጠቀም ማታ ብቻ ከላኩት ከሳምንት በላይ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ኮፒ በኢንተርኔት አይላኩት። ቢሮ ውስጥ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፣ ይቆልፉት፣ በመኪና አዲስ አበባ ይውሰዱት። እዚያ ማከማቻው ላይ ይጫናል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚሄደው የተለወጠው ብቻ ነው። ለብዙ ድርጅት ይህ በቀን ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም፣ በዚያው ኮኔክሽን ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ሲመለስም ያው ሒሳብ ነው። ሰርቨሩ ቢቃጠል 300 ጊጋባይቱን ከክላውድ ለማውረድ ቀናት መጠበቅ ይመጣል። ለዚህ ነው ዲስኩን ሄዶ ማምጣት የሚቻልበት ቦታ መሆኑ የሚጠቅመው። ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ሲዋዋሉ "ዳታዬን በዲስክ ገልብጣችሁ ትሰጡኛላችሁ ወይ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱም ውሉ ላይ ይጻፍ።

መብራት ሲጠፋስ? ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

እዚህ ጋ የማየው የተለመደ ስህተት አለ። ባለሙያው ባክአፑን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይሞላዋል፣ መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል። ድርጅቱ ግን ማታ ሲዘጋ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ጀነሬተሩም ሌሊት አይነሳም። ባክአፑ አንድም ቀን ሳይሠራ ወራት ያልፋሉ።

ሰርቨሩ ሌሊት የማይበራ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ምሳ ሰዓት ያምጡት፣ ወይም ቢሮው ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት በፊት ያድርጉት። ዊንዶውስ ላይ ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው በታስክ ስኬጁለር የሚነሳ ከሆነ፣ ያመለጠውን ሥራ ሰርቨሩ እንደበራ እንዲያስነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን ማብራት አይርሱ።

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚይዘው ዕቃ፣ ግዴታ ነው። ሰርቨሩን ለሰዓታት እንዲያቆየው አይደለም፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል በሥርዓት እንዲዘጋው ነው። ዳታቤዝ (ፕሮግራሙ መረጃውን የሚያከማችበት) እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ሲል ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ያ የተበላሸ ፋይል በሚቀጥለው ቀን ወደ ባክአፑ ይሄዳል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደህና ሶፍትዌር ካቆመበት ይቀጥላል። ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ግን ቢሮ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ኮፒ ነው የሚይዝዎት። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲጠፋ በክላውድ ብቻ የተማመነ ሰው በዚያ ሁሉ ጊዜ አዲስ ባክአፕ አልነበረውም። ያን ሰሞን የሚያስታውስ ሁሉ ቢሮ ውስጥ ተጨማሪ ዲስክ ለምን እንደምንል ይገባዋል።

በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ነው የምንሠራው። የካምፓኒውን ፎልደር መገልበጥ ይበቃል?

ሰው እየሠራበት ከሆነ አይበቃም። የተከፈተ ዳታቤዝ ሲገለበጥ ግማሹ የቅድሙ፣ ግማሹ የአሁኑ ሊሆን ይችላል። ኮፒው ደህና ይመስላል፤ ሲከፈት ነው እምቢ የሚለው። ፒችትሪ የራሱ የባክአፕ ትዕዛዝ አለው፣ ሁሉም ሰው ወጥቶ በእሱ ይሠራ። ከዚያ የወጣውን ፋይል አውቶማቲኩ ይላከው።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ወይም ማይኤስኪውኤል በሚባሉት ዳታቤዞች ላይ የሚሠራ የሆቴል ወይም የፋርማሲ ሲስተም ካላችሁም ያው ነው። ዳታቤዙ በራሱ መሣሪያ ባክአፕ ይውጣለት፣ ቀጥሎ ያ ፋይል ይላክ። አንድ ነገር ለባለሙያው፦ ነፃው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ኤጀንት የለውም። ሥራውን በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ማስነሳት ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ "ባክአፕ ተሞልቷል" ብለው የሚሄዱ አሉ።

ሶፍትዌሩ ይወደዳል?

የግድ አይደለም። ዊንዶውስ ሰርቨር የራሱ የባክአፕ ፕሮግራም አለው። ቪም የሚባለው ታዋቂ ሶፍትዌር እስከ 10 ማሽን ነፃ የሆነ እትም አለው። ሬስቲክም ነፃ ነው፣ ሁሉንም ዳታ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ገንዘቡ የሚሄደው ለማከማቻው እና ሥራውን ለሚከታተለው ሰው ነው።

ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ቢገባብን ባክአፑንም አይቆልፈውም?

ይቆልፋል፣ ከደረሰበት። ሰርቨሩ ላይ ሁልጊዜ ተሰክቶ ያለ ዲስክ ይቆለፋል። እንደ ኔትወርክ ድራይቭ የሚታይ ናስም ይቆለፋል። አጥቂዎቹ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልጉት ባክአፑን ነው፤ እሱ ከሌለ እንደሚከፍሉ ያውቃሉ።

ስለዚህ የባክአፕ ማከማቻው የራሱ አካውንትና የራሱ ፓስወርድ ይኑረው። የሰርቨሩ አድሚን ፓስወርድ እዚያ እንዳይሠራ። ማከማቻው የተላከለትን ለተወሰነ ቀን ማንም እንዳይሰርዘው የማድረግ አቅም ካለው ለ30 ቀን ያብሩት። ከዚህም ሌላ በሳምንት አንዴ ተሰክቶ፣ ተገልብጦ፣ ተነቅሎ የሚቀመጥ ዲስክ ይያዙ። ያልተሰካ ዲስክ ጋ ምንም ቫይረስ አይደርስም።

ይህ በዓለም ትልልቅ ድርጅቶችም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 ኖትፔትያ የሚባለው ጥቃት የመርከብ ድርጅቱን ማርስክን መታው። ሠራተኞች ማን እንደሆኑ የሚያውቁት፣ ኔትወርኩን የሚመሩት ሰርቨሮች በየአገሩ ነበሩ፣ እርስ በርስም ኮፒ ይደራረጉ ነበር። ሁሉም በአንድ ላይ ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፣ እሱም ጋና ያለው። በዚያ ሰዓት ጋና ቢሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰርቨሩ ከኔትወርክ ወጥቶ ነበር። ዳታውን ከጋና በኢንተርኔት ለመላክ ቀናት ይፈጅ ስለነበር ዲስኩ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ያን ግዙፍ ድርጅት ያተረፈው ከኔትወርክ የተነቀለ አንድ ኮፒ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ። እርስዎ አስበውበት ሊያደርጉት ይችላሉ።

ባክአፑ በትክክል እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልሰው በመክፈት። ሌላ ምንም ማረጋገጫ የለም። አረንጓዴ ምልክት፣ "ተሳክቷል" የሚል መልእክት፣ የባለሙያው ቃል፣ እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ ግን ማስረጃ አይደሉም። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይሁን ብዬ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ጊትላብ በፕሮግራመሮች ዘንድ የታወቀ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነር በሥራ ድካም ላይ ሳለ የተሳሳተ ሰርቨር ላይ የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። 300 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ባክአፕ ለመፈለግ ሲሄዱ በየቀኑ ይሠራል የተባለው ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የባክአፕ ፕሮግራሙና የዳታቤዙ ስሪት አልተጣጣሙም። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተልከው ተቀባዩ ጋ አልደረሱም። ያዳናቸው ኢንጂነሩ ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ያነሳው ኮፒ ነው። የእነዚያን 6 ሰዓታት ዳታ አጡ። እነዚህ ሰዎች ሙያው የጎደላቸው አልነበሩም። መልሶ የመክፈት ልምምድ ነው ያልነበራቸው።

እርስዎ ጋ እንዲህ ይደረግ። በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ይያዝ። ባዶ ኮምፒውተር ይቅረብ፣ ሰርቨሩ አይነካ። ባለሙያው ከአዲስ አበባው ማከማቻ የአንድ የተወሰነ ቀን ኮፒ ያውርድና ይክፈት። የሒሳብ ሠራተኛዋ የዚያን ቀን የሒሳብ ሚዛን ከታተመው ጋር ታስተያይ። ሆቴል ከሆነ የዚያን ሌሊት የእንግዶች ዝርዝር ይታይ። ክሊኒክ ከሆነ የአምስት ታካሚ ካርድ ይከፈት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይጻፍ። ያ ቁጥር ሰርቨሩ በእውነት የጠፋ ቀን ሱቅዎ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ይነግርዎታል።

ባለቤቱም ይገኝ። ኮምፒውተር አያስፈልገውም፣ ዓይኑ ይበቃል። ባለቤት በሌለበት የሚደረግ ልምምድ ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ይቀራል።

በየቀኑ ደግሞ ማሳወቂያው ለሁለት ሰው ይሂድ። ሲሳካም ይላክ። ሲከሽፍ ብቻ እንዲናገር ከተደረገ፣ ዝም ሲል ተሳክቶ ይሁን ሞቶ ይሁን አይታወቅም።

በየስንት ጊዜው ይሁን?

የአንድ ቀን ሥራ ቢጠፋ ከደረሰኞች መልሳችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ? ከቻላችሁ በቀን አንዴ ይበቃል። ጅምላ አከፋፋይ ብዙውን ጊዜ ይችላል። ቀኑን ሙሉ እንግዳ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሆቴል ግን አይችልም፣ ለእሱ በየሰዓቱ ይሁን።

የድሮ ኮፒዎችን እስከ መቼ ላቆይ?

የ30 ቀን ዕለታዊ፣ የ12 ወር ወርኃዊ ጥሩ መነሻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሰኔ 30 ላይ ያለው ኮፒ ግን ለብቻው ተለይቶ ለዓመታት ይቀመጥ። የግብር ኦዲት የሚመጣው ሠራተኛውም ሰርቨሩም ከተቀየረ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ኮፒ ጋር የሶፍትዌሩን መጫኛም አብረው ያኑሩ። የአሁኑ ስሪት የያኔውን ፋይል ላይከፍት ይችላል።

ፓስወርዱን ማን ይያዝ?

ባለቤቱ። ባለሙያውም ይኑረው፣ ግን እሱ ብቻ መያዝ የለበትም።

የተቆለፈ ባክአፕ ፓስወርዱ ከጠፋ በቃ ጠፋ ነው። የሠራው ድርጅትም ሊከፍተው አይችልም። ብዙ ቦታ ሰርቨሩን የሚያየው በየጊዜው እየተጠራ የሚመጣ ልጅ ነው፤ አካውንቱ በእሱ ኢሜይል፣ ኮዱም የሚመጣው በእሱ ስልክ ነው። ልጁ ታማኝ ነው እንበል። ነገ ሌላ ከተማ ሥራ ቢያገኝስ? ስልኩ ቢጠፋስ? ይህ ልጁን መጠርጠር አይደለም፣ እሱንም ከጣጣ ማዳን ነው።

አካውንቱ በድርጅቱ ስም፣ በድርጅቱ ኢሜይል፣ በድርጅቱ ስልክ ይከፈት። ፓስወርዱ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ ፖስታ ከቢሮ ውጭ ይቀመጥ፣ ካዝናውም ከቢሮው ጋር ሊቃጠል ይችላልና። ፓስወርዱ በተቀየረ ቁጥር ፖስታዎቹ ይቀየሩ። ዳታው የት እንዳለና እንዴት እንደሚከፈት የሚያስረዳ አንድ ገጽ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አብሮ ይግባ፤ ያን ቀን ፖስታውን የሚከፍተው ሰው ማን እንደሚሆን አይታወቅም።

ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ለራሴ ብልከውስ?

ለአንድ ደብዳቤ ወይም ለአንድ ኤክሴል ይሆናል። ለድርጅት ባክአፕ አይሆንም። በነፃው አካውንት አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም፣ የሚልከውም ሰው ነው፣ አካውንቱም በአንድ ግለሰብ ስልክ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ የድርጅቱን ዳታ በኪሱ ይዞ ይወጣል።

አዲስ ዲስክ ገዛን። የድሮውን ፎርማት አድርገን ብንሸጠውስ?

ፎርማት ብቻ አድርገው አይሽጡት። ፈጣኑ ፎርማት ዝርዝሩን እንጂ ዳታውን አያጠፋም፤ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ብዙው ይመለሳል። ለሃርድ ዲስክ ሙሉውን ከዳር እስከ ዳር የሚጽፍበት ማጥፊያ ይጠቀሙ፣ ሰዓታት ስለሚፈጅ ሌሊት ይተዉት። ለኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል ለሌለው ዲስክ) የአምራቹ የራሱ ማጥፊያ ነው የሚሻለው። ዲስኩ ተበላሽቶ አልነሳ ካለ ደግሞ አይሸጥም፣ ይሰበራል።

የድሮው ዲስክ ከመጥፋቱ በፊት ግን አዲሱ ላይ ያለው ባክአፕ ቢያንስ አንዴ ተከፍቶ ይታይ።